ውላችን ላይ ያለው ሌላ፣ ጣራችን ላይ የወጣው ሶላር ሌላ፤ ቀሪውን ልክፈል ወይስ አልክፈል?

ብርሃን ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁም፣ በጣም ተጨንቄ ነው የምጽፈው ስለዚህ ቢረዝምም ታገሱኝ። ለቤታችን ሶላር ለማስገጠም ከሁለት ወር በፊት ከአንድ ድርጅት ጋር ተዋውለን ነበር። ውሉ ላይ ያለው 8 ፓኔል ባለ 550 ዋት፣ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓኔሉንና የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት እቃ ወደሚሆን የሚቀይረው)፣ አንድ ሊቲየም ባትሪ 51.2 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት፣ የጣራው ብረት፣ ሽቦው፣ ኧርዙ (ወደ መሬት የሚገባው መከላከያ ሽቦ)፣ ገጠማው ሁሉ ተጨምሮ በአንድ ቁርጥ ዋጋ ነው። ስንፈራረም 60 በመቶውን ከፈልኩ፣ ቀሪው 40 በመቶ "ሥራው ተጠናቆ ሲፈተሽ ይከፈላል" ይላል።

ትናንት እኔ ሥራ እያለሁ መጡ፣ ቤት የነበረችው እናቴ ናት። ማታ ስገባ ፓኔሎቹ ጣራ ላይ ወጥተዋል፣ ኢንቨርተሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ባትሪ የተባለው ግን አንድ መሆኑ ቀርቶ አራት ትልልቅ ጥቁር ሳጥን ተደርድሮ አገኘሁ። እናቴ "አንዱን ለሁለት ተሸክመው ነው ያስገቡት፣ ትንፋሻቸው እስኪቆረጥ" አለችኝ። በስልኬ መብራት ጠጋ ብዬ ሳነበው 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ጄል ይላል። የፓኔሎቹ ካርቶን ደሞ ግቢው ጥግ ተጥሎ ነበር፣ እሱ ላይ የተጻፈው 450 ዋት ነው።

ወዲያው ደወልኩ። ሰውዬው ምንም ሳይደናገጥ "ፓኔሉ ያው ስምንት ነው፣ ባለ 550ው ከገበያ ጠፍቷል፣ ደሞ የትኛውም ፓኔል የተጻፈበትን ያህል አይሰጥም። ባትሪው እንደውም ከተስማማነው በእጥፍ ይበልጣል፣ ተጠቀምሽ እንጂ አልተጎዳሽም" አለኝ። ከዛ ቀጥሎ የጣራው ብረት ከታሰበው በላይ ስለወሰደ ተጨማሪ ክፍያ አለ፣ ከነገ ወዲያ መጥተን ርክክብ እንፈራረማለን፣ ቀሪውን ካልከፈልሽ ሲስተሙን አናበራውም አለ።

ውሉን እንደገና ሳነበው የመጨረሻው ገጽ ታች "እቃው በማይገኝበት ጊዜ በተመሳሳይ ወይም በተሻለ ሊተካ ይችላል" የሚል አለ። ይሄን ሳይ ልቤ ወደቀ። በቃ ፈርሜያለሁ ማለት ነው? እውነት ባትሪው ይሻላል? እኔ የኤሌክትሪክ ነገር አላውቅም፣ የማውቀው ይሄን ገንዘብ ስንት ዓመት እንዳጠራቀምነው ነው። በናታችሁ የምታውቁ አንድ ነገር በሉኝ።

ሽቦና ብሎን

እህቴ መጀመሪያ ተረጋጊ፣ ርክክቡን ገና አልፈረምሽም፣ ገንዘቡም 40 በመቶው እጅሽ ላይ ነው። ስለ ውሉ የሚያውቁ ይመልሱልሽ፣ እኔ የእቃውን ልንገርሽ ምክንያቱም "በእጥፍ ይበልጣል" ያለሽ ነገር እውነት እየመሰለ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ።

ወረቀት ላይ ልክ ነው። አራት ባትሪ በ12 ቮልት በ200 አምፒር ሰዓት ስታባዢው 9600 ዋት ሰዓት ይመጣል፣ ያንቺ ሊቲየም ደሞ 51.2 በ100 ሲባዛ 5120 ነው። ግን ጄል ባትሪ ከሊድ አሲድ (እንደ መኪና ባትሪ) ወገን ነው፣ ዕድሜው እንዲቆይ ከተፈለገ ከግማሽ በታች አይወርድም፣ ስለዚህ በየቀኑ የምትጠቀሚው 4800 አካባቢ ነው። ሊቲየሙን እስከ 80 እና 90 በመቶ ማውረድ ይቻላል፣ ያ ማለት ከ4100 እስከ 4600። አየሽ፣ በመጀመሪያው ቀን እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፣ እጥፍ የሚባል ነገር የለም። ልዩነቱ የሚመጣው ዕድሜው ላይ ነው። እንደ አምራቹ ይለያያል ግን ጄል እስከ ግማሽ እየወረደ ሲሠራ ከጥቂት መቶ እስከ አንድ ሺ ምናምን ዙር ነው የሚቆየው (ተሞልቶ ጥቅም ላይ ሲውል አንድ ዙር ነው)፣ ያንቺው ዓይነት ሊቲየም፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው፣ ከ3000 እስከ 6000 ዙር ይባልለታል። ቤት ውስጥ በቀን አንድ ዙር ነው የምትጠቀሚው፣ እና 1000 ዙር ማለት ሦስት ዓመት እንኳን አይሞላም፣ 3000 ግን ከስምንት ዓመት በላይ ነው። ባጭሩ የሸጡልሽ ስምንት ዓመት ነው ያስገቡልሽ ሦስት ዓመት። ዋጋቸውም ለዛ ነው የማይገናኘው።

ፓኔሉም እንደዛው ነው። 8 በ550 4400 ዋት ነው፣ 8 በ450 ደሞ 3600። 800 ዋት ጎደለ፣ 18 በመቶ ማለት ነው። "የተጻፈበትን አይሰጥም" ያለው ነገር በራሱ እውነት ነው፣ ፓኔል ላይ የሚጻፈው ዋት ላብራቶሪ ውስጥ በ1000 ዋት በካሬ ሜትር ብርሃንና በ25 ዲግሪ ሙቀት የተለካ ነው፣ ጣራ ላይ ፓኔሉ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ግን ባለ 450ውም እኮ በዛው ልክ ነው የሚቀንሰው! ሁለቱም ሲቀንሱ ልዩነቱ አይጠፋም።

አሁን የምታደርጊው፦ ባትሪዎቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ የኢንቨርተሩን ጎን ላይ የተለጠፈውን፣ ካርቶኑን፣ ሁሉንም ሲሪያል ቁጥሩ እንዲነበብ አድርገሽ ፎቶ አንሺ። ካርቶኑን እንዳይጥሉብሽ ቤት አስገቢው። ኢንቨርተሩ ላይ ደሞ 5 ኪሎዋት ነው ወይስ 5 ኬቪኤ (ሌላ የአቅም መለኪያ ነው) የሚለው እዪ፣ አንዳንዱ 5 ኬቪኤ የሚለው ትክክለኛ አቅሙ 4 ኪሎዋት ነው። የፓኔሉ ዋናው ጽሑፍ ከጀርባው ስለሆነ ጣራ ላይ ካልወጣሽ አይታይም፣ አደራ አትውጪ! ምንም ሽቦም አትንቀዪ። ስምንት ፓኔል አንዱ ካንዱ ተያይዞ ወደ 400 ቮልት ዲሲ ነው የሚሰጠው፣ ፀሐይ ካለ ማብሪያ ማጥፊያው ቢጠፋም ከፓኔሉ የሚመጣው ሽቦ ኤሌክትሪክ አለበት።

የውል ሰው

ከላይ ያለው ወንድማችን ያስቀመጠው ቁጥር ለውሉም ክርክር መሠረቱ ነው ስለዚህ አስቀምጪው።

ያንን "በተመሳሳይ ወይም በተሻለ" የሚለውን አንቀጽ እንዳትፈሪው፣ እንደውም ለአንቺ ነው የሚሠራው። ያነሰ እቃ እንዲያመጡ አይፈቅድላቸውም እኮ። ተመሳሳይ ማለት በዋት፣ በአቅም፣ በዕድሜና በዋስትና ተመሳሳይ ማለት ነው፣ በቁጥር ስምንት ስለሆነ ብቻ 450 ከ550 ጋር ተመሳሳይ አይሆንም። ይሻላል ወይም እኩል ነው ካሉ ደሞ እንዴት እንደሆነ በጽሑፍ ያስረዱ። የባትሪው የአምራች ዋስትና ስንት ዓመት እንደሆነ ብቻ ጠይቂያቸው፣ መልሱ ራሱ ይናገራል።

ዋናው ነገር ውል የሁለት ሰው ስምምነት ነው፣ አንደኛው ብቻውን ተነስቶ ሊቀይረው አይችልም፣ ይሄ የትም አገር ብትሄጂ ብዙም አይለያይም። አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ፍትሃዊ ያልሆኑ የውል ቃሎች መመሪያ፣ ሻጩ በቂ ምክንያት ሳይኖረው የእቃውን ዓይነት ለብቻው እንዲቀይር የሚፈቅድ አንቀጽን ፍትሃዊ አይደሉም ሊባሉ ከሚችሉ ምሳሌዎች ውስጥ አስገብቶታል። እንግሊዝ ደሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው የሸማቾች መብት ሕግ እቃው እንደተገለጸው መሆን አለበት፣ ካልሆነ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ መመለስ ይቻላል ይላል። የምትኖሪበት ሕግ ዝርዝሩ ይለያይ ይሆናል፣ ቀኑን ስለሚመለከት ቶሎ ብለሽ አጣሪ። እና ደሞ እናትሽ በሩን መክፈታቸው ስምምነት አይደለም፣ ውሉን የፈረምሽው አንቺ ነሽ፣ እሳቸው እቃውን ለይተው እንዲቀበሉም አልወከልሻቸውም።

ዝም ካልሽ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዝምታሽን እየቆጠሩ "አይታው ምንም አላለችም" ይላሉ። ስለዚህ ዛሬ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ በጽሑፍ ላኪ። በስልክ ያወራሽውን ሁሉ ወደ ጽሑፍ ቀይሪው፣ "ዛሬ በስልክ እንዲህ ብለውኛል" ብለሽ ጻፊላቸው፣ ካልካዱት ማስረጃ ሆነልሽ። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፣ እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ ነው የምጽፈው፦

"በዚህ ቀን በተፈራረምነው ውል መሠረት 8 ባለ 550 ዋት ፓኔልና አንድ 51.2 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ልታስገቡ ተስማምተን ነበር። ትናንት የገባው 450 ዋት የሚል ፓኔልና 4 ጄል ባትሪ ነው፣ ፎቶው ተያይዟል። በዚህ ለውጥ አልተስማማሁም፣ ከመገጠሙ በፊትም አልተጠየቅኩም። በ10 ቀን ውስጥ በውሉ መሠረት እንድታስተካክሉ እጠይቃለሁ። ቀሪው ክፍያ ዝግጁ ነው፣ ሥራው በውሉ መሠረት ተጠናቆ ሲፈተሽ ይከፈላል።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተያት። ከፋይ አይደለችም እንዳይሉሽ ነው። ክፍያው የታሰረው "ተጠናቆ ሲፈተሽ" ከሚለው ጋር ነው፣ አልተጠናቀቀም፣ ስለዚህ ውል ያፈረስሽው አንቺ አይደለሽም። ገንዘቡን ግን እንዳትነኪው፣ ለብቻው አስቀምጪ።

ከዛ ያለሽ ምርጫ ወይ በውሉ መሠረት ያስተካክላሉ፣ ወይ ያለውን ትቀበዪና ዋጋው ይቀነስልሻል፣ ወይ ውሉ ይፈርስና እቃቸውን አንስተው ገንዘብሽን ይመልሳሉ፣ ጣራውም ተበስቶ ከሆነ ጠግነው ነው የሚሄዱት። የትኛው እንደሚሆን በመጀመሪያ ዕድሉን ለእነሱ ስጪ፣ ቀን ቆርጠሽ። ካለፈ ወደ ሸማቾች ጥበቃ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ስትሄጂ ያ ደብዳቤ ነው የሚጠየቀው።

ሁለተኛ ዓመቴ

እኔ የምጽፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ርክክቡን እንዳትፈርሚ። የኔም ተመሳሳይ ነበር፣ ባትሪውን ቀይረው አመጡ፣ "ያው ነው" አሉኝ እኔም አመንኩ፣ ሥራቸውን ጨርሰው እቃቸውን እየሰበሰቡ አንዱ ልጅ ወረቀት ይዞ መጣና "እዚህ ጋ ብቻ" አለኝ፣ ቆሜ በመኪናው ኮፈን ላይ ፈረምኩ። ወረቀቱ "በውሉ መሠረት በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ፣ ምንም ቅሬታ የለኝም" ነበር የሚለው፣ ያነበብኩት በኋላ ነው። ባትሪው ዓመት ከሦስት ወር ሲሆነው ማታ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መጥፋት ጀመረ። ስደውል የሰጡኝ መልስ "ተረክበዋል እኮ ጋሼ" ነው። አቤቱታ ያስገባሁበትም ቦታ መጀመሪያ የጠየቁኝ ያንን ወረቀት ነው። አሁን ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ ባትሪ ከኪሴ ገዝቼ ነው ያለሁት።

የውል ሰው

ጋሼ በጣም ያሳዝናል፣ ግን ስላካፈሉን እናመሰግናለን። ለእህታችን የምጨምረው፣ መፈረም ግድ ከሆነብሽ (ለምሳሌ እቃው ግቢ መግባቱን ብቻ ማረጋገጫ ከፈለጉ) ከፊርማሽ አጠገብ በእጅሽ "እቃው መግባቱን ብቻ አረጋግጣለሁ፣ ዓይነቱ ከውሉ ጋር ስለማይገናኝ አልተቀበልኩትም" ብለሽ ጽፈሽ ፈርሚ፣ ኮፒውን ሳትቀበዪ ወይም ፎቶ ሳታነሺ ወረቀቱን አትልቀቂ። ደሞ ከናንተ ውስጥ በባንክ ብድር ያስገጠማችሁ ካላችሁ በጣም ተጠንቀቁ፣ ብዙ ጊዜ ባንኩ ቀሪውን ለድርጅቱ የሚለቀው የናንተን የርክክብ ፊርማ አይቶ ስለሆነ ቅሬታችሁን ለባንኩም በዛው ቀን አሳውቁ።

ጣራ ላይ ያለሁ

እኔ ገጣሚ ነኝ፣ ሥራዬ ይሄ ነው፣ እና ስለ ሙያችን ስል መናገር አለብኝ። እቃ መጥፋቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ውል በተፈረመና እቃ በሚገባበት መሃል ሁለት ወር ካለ ሞዴል ይቀየራል፣ ስቶክ ያልቃል፣ በኔም ደርሷል። ግን እንደዛ ሲሆን የሚደረገው እቃውን መኪና ላይ ከመጫን በፊት ደንበኛውን መጥራት ነው። "ባለ 550ው የለም፣ ያለው ይሄ ነው፣ ዋጋው በዚህ ያህል ይቀንሳል ወይም ቁጥሩን እንጨምራለን፣ ወይም ትጠብቃለህ" ተብሎ በአንድ ገጽ ወረቀት ይፈረማል ከዛ ነው ብሎን የሚጠብቀው። ሰው ሥራ ላይ እያለ እናቱ ቤት ብቻዋን እያለች ሰቅሎ መሄድ ሌላ ነገር ነው፣ አንዴ ከተሰቀለ ማን ያወርደዋል ብሎ ነው የሚታሰበው።

የጣራው ብረት ተጨማሪ ክፍያ ያሉሽን ደሞ እኔ አልቀበለውም። ሳይት መጥተው አይተዋል አይደል? ለክተዋል አይደል? ቁርጥ ዋጋ የሚሰጠው ከዛ በኋላ ነው። ብረቱ ስንት ሜትር እንደሚወስድ የፓኔሉ ስፋት ነው የሚወስነው፣ ባለ 450ው ብዙ ጊዜ ከባለ 550ው ያነሰ ስለሆነ እንደውም ብረቱ መቀነስ ነበረበት። ተጨማሪ ክፍያ ተገቢ የሚሆነው ማንም ሊያየው የማይችል ነገር ሲገኝ ነው፣ ቆርቆሮው ሲነሳ ከሥሩ ያለው እንጨት በስብሶ ከተገኘ ለምሳሌ። ያኔም ሥራው ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ደንበኛው ተስማምቶ ይፈርማል፣ ከዛ ይቀጠላል። ሠርተን ከጨረስን በኋላ የሚመጣ ሒሳብ የለም። ዝርዝሩን ጠይቂያቸው፣ ስንት ሜትር ታስቦ ነበር ስንት ሜትር ገባ፣ በየትኛው አንቀጽ ነው የምትጠይቁኝ በያቸው።

መንገደኛ

ሁላችሁም ልክ ናችሁ ግን እኔ ትንሽ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ክርክር ጊዜ ይፈጃል፣ እቃው ተገጥሟል፣ ጥሩ ቅናሽ ከሰጧት ጄሉን ተቀብላ መጠቀም አይሻላትም? ሦስት ዓመት ሲሆነው ያኔ ሊቲየም ትገዛለች፣ ዋጋውም እየወረደ ነው የሚሄደው።

ሽቦና ብሎን

ይቻላል፣ መብቷ ነው። ግን ቅናሹ በሁለቱ ባትሪዎች የዛሬ ዋጋ ልዩነት ልክ መሆን አለበት፣ "ትንሽ እንቀንስልሻለን" ተብሎ የሚያልቅ አይደለም። የጄሉ ዋስትናም በአዲስ ወረቀት ይጻፍ፣ የድሮው ውል ላይ ያለው ዋስትና ስለ ሊቲየም ነው የሚያወራው፣ ነገ ሲበላሽ ያ ወረቀት አይሠራላትም። ኢንቨርተሩ ላይ የባትሪ ዓይነት የሚመረጥበት ሴቲንግ ጄል ላይ መሆኑንም ታይ፣ በሊቲየም ቮልቴጅ ከተሞላ ጄሉ ቶሎ ነው የሚደርቀው። እኔ በግሌ ግን የተስማማችበትን ብትጠይቅ ነው ደስ የሚለኝ፣ ቤት ውስጥ ባትሪ መቀየር እንደ አምፖል መቀየር ቀላል አይደለም።

ብርሃን ፈላጊ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከስድስት ቀን በኋላ ነው የተመለስኩት፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ደብዳቤውን በዛው ማታ ከ11 ፎቶ ጋር በኢሜይልም በዋትስአፕም ላክሁ። በነጋታው ጠዋት ያ የተረጋጋ ሰውዬ ድምፁ ተቀይሮ "እንዲህ ዓይነት ወረቀት ምን አስፈለገ፣ በሰላም መነጋገር እንችል ነበር" አለኝ። እኔም በሰላም ነው የጻፍኩት አልኩት። ርክክብ ሊያስፈርሙ የመጡት ልጆች ወረቀቱን ይዘው ተመለሱ፣ አልፈረምኩም። ኢንቨርተሩ ትክክለኛ 5 ኪሎዋት ሆኖ ተገኘ፣ እሱ ልክ ነው። የብረቱን ዝርዝር ስጠይቅ ሁለት ቀን ዝም አሉና ተጨማሪ ክፍያው "ቀርቷል" የሚል አንድ መስመር ጻፉልኝ።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጣ። ሊቲየሙን በሳምንት ውስጥ አመጣለሁ፣ ጄሎቹን አነሳለሁ ብሎ በጽሑፍ ሰጥቶኛል፣ ሞዴሉና የዋስትና ዓመቱ ተጽፎ። ፓኔሉን ግን ባለ 550ው እውነትም የለም፣ ስለዚህ ሁለት ባለ 450 ያለ ተጨማሪ ክፍያ ጨምሬ አሥር አደርገዋለሁ አለ። 10 በ450 4500 ነው፣ ከ4400 ይበልጣል፣ እኔ ደስ ብሎኛል ግን ከመፈረሜ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው። ሁለቱን በዛው መስመር ላይ እንቀጥላቸዋለን ነው ያለው።

ሽቦና ብሎን

በጣም ጎበዝ! ግን "በዛው መስመር ላይ" የሚለውን አቁሚው። የፓኔሉ ወረቀት ላይ ቪኦሲ (ምንም ሳይገናኝበት ፓኔሉ የሚሰጠው ቮልቴጅ) የሚል ቁጥር አለ፣ ስንት ነው የሚለው? የኢንቨርተሩ ወረቀት ላይም ከፍተኛ የፒቪ (የፓኔል) ቮልቴጅ የሚለውን እዪልኝ።

ብርሃን ፈላጊ

የፓኔሉ 49.3 ይላል። የኢንቨርተሩ 500 ቮልት።

ሽቦና ብሎን

አሥሩ ባንድ መስመር፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፣ ከተቀጠሉ ቮልቴጃቸው ተደምሮ 493 ቮልት ነው። ይሄ በ25 ዲግሪ ነው፣ ጠዋት ብርድ ሲሆን የፓኔል ቮልቴጅ ስለሚጨምር 500ን ያልፋል፣ ኢንቨርተሩ ሊቃጠል ይችላል፣ ከዛ ዋስትናውም ከተፈቀደው በላይ ቮልቴጅ ገብቶበታል ተብሎ ሊሰረዝ ይችላል። አምስት አምስት አድርገው በሁለት መስመር ይሥሩት፣ አንዱ 246 ምናምን ይሆናል፣ ኢንቨርተሩ ሁለት የፓኔል መግቢያ ካለው ለየብቻ ያስገቡት፣ አንድ ብቻ ከሆነ ደሞ የሁለቱን መስመር አምፒር ድምር መቻሉን ያረጋግጡ። ይሄም አዲሱ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ "10 ፓኔል፣ በሁለት መስመር፣ በየመስመሩ 5" ብለው። ሁለቱ አዳዲሶቹም የዛው አምራች የዛው ሞዴል ይሁኑ።

የውል ሰው

እና አዲሱ ወረቀት የመጀመሪያውን ውል ቀንና ቁጥር ይጥቀስ፣ "ከዚህ ውጪ ያለው የመጀመሪያው ውል እንዳለ ይቀጥላል" ይበል፣ የተጨማሪ ክፍያው መቅረትም አብሮ ይግባ፣ በዋትስአፕ የተጻፈችው መስመር ብቻዋን አትበቃም። ሁለታችሁም ፈርሙበት። ቀሪው 40 በመቶ ሊቲየሙ ገብቶ፣ አሥሩም ፓኔል ተቀጥሎ፣ ፊትሽ በርቶ ከታየ በኋላ ነው።

ብርሃን ፈላጊ

እሺ፣ እንደዛው አስጽፌዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ሁለቱ መስመር ሳነሳበት ቴክኒሻኑን ደውሎ ጠየቀውና "ልክ ናት፣ አምስት አምስት ነው መሆን ያለበት" አለው። ሐሙስ ነው የሚመጡት፣ እኔም ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት እሆናለሁ፣ እናቴም ወንበሯን አውጥታ በረንዳ ላይ ልትቀመጥ ነው።